ሁለት ኖቤል የወሰደው ሰው እና የእኛ ቫይታሚን ሲ

ጉንፋን ሲጀማምረን አብዛኞቻችን መጀመሪያ የምናስበው ቫይታሚን ሲ ነው። ፋርማሲ ጎራ ብለን ያንን ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚንፈቀፈቀውን፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚለውን እንክብል እንገዛለን። ማሸጊያው ላይ 1000 ሚሊ ግራም የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳያመው፣ ለመከላከያ ነው እያለ በየቀኑ ይጠጣዋል። ቲክቶክ ላይማ ለቆዳም፣ ለፀጉርም፣ ለሁሉም ነገር ይመከራል።

እኔን የሚገርመኝ ግን እምነቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። የጉንፋን መድኃኒት ቫይታሚን ሲ ነው ብሎ ዓለምን ያሳመነው ማን ነው? መልሱ በአብዛኛው አንድ ሰው ነው። የመድኃኒት ነጋዴ እንዳይመስላችሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ታላላቅ ኬሚስቶች አንዱ፣ ከማንም ጋር ሳይጋራ ሁለት የኖቤል ሽልማት የወሰደ ብቸኛው ሰው ነው። ስሙ ላይነስ ፖሊንግ ይባላል።

ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት ላጫውታችሁ። ቫይታሚን ሲ ልውሰድ ወይስ ይቅርብኝ ለሚል ሰው፣ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የፖሊንግ ታሪክ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፖሊንግ የተወለደው በ1901 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ነው። አባቱ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ለሰው መድኃኒት ሲቀምም የኖረው አባት በ1910 ጨጓራው ተበስቶ ሞተ። ልጁ ገና 9 ዓመቱ ነበር። እናቱ ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ቤቷን ለተከራዮች እየሰጠች፣ እያበላች እያስተኛች ኑሮን ትገፋ ጀመር።

ልጁ ኬሚስትሪ የያዘው በ13 ዓመቱ ገደማ ነው። አንድ ጓደኛው ቤቱ ወስዶ ንጥረ ነገሮችን እየቀላቀለ ሲያሳየው በቃ፣ ልቡ እዚያው ቀረ። በ16 ዓመቱ የታሪክ ትምህርት ስለጎደለው ሁለተኛ ደረጃን ያለ ዲፕሎማ ትቶ ኮሌጅ ገባ። ያ ትምህርት ቤት ዲፕሎማውን የሰጠው ከ45 ዓመት በኋላ፣ በ1962 ነው። ያኔ ሰውየው የኬሚስትሪ ኖቤል ከወሰደ 8 ዓመት ሆኖታል!

የገባው የኦሪገን ግብርና ኮሌጅ ነው። ገንዘብ አጥሮት ለአንድ ዓመት ትምህርቱን ማቋረጥ ግድ ሲሆንበት፣ ኮሌጁ ራሱ ገና ተምሮ የጨረሰውን ኮርስ እንዲያስተምር ቀጠረው። ዕድሜው 18 ነበር። በመጨረሻው ዓመት ደግሞ የቤት አያያዝ ትምህርት ለሚማሩ ሴቶች ኬሚስትሪ አስተምር ተባለ። ከተማሪዎቹ አንዷ አቫ ሄለን ሚለር ትባላለች። በ1923 ተጋቡ። ይቺን ሴት አስታውሷት፤ የታሪኩ ክብደት ያለው እሷ ጋ ነው።

ፖሊንግ በ1925 ካሊፎርኒያ በሚገኘው ካልቴክ ዶክትሬቱን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ የሠራውን ብዘረዝር ቦታ አይበቃንም። አቶሞች ለምንና እንዴት እርስ በርስ እንደሚያያዙ አዲሱን ፊዚክስ ተጠቅሞ አብራራ፤ በ1939 በዚሁ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ የኬሚስቶች መመሪያ ሆነ። ሲክል ሴል የሚባለው የደም ሕመም የሚመጣው ከአንዲት ሞለኪውል ብልሽት መሆኑን በ1949 ከባልደረቦቹ ጋር አሳየ። የፕሮቲንን ጠመዝማዛ ቅርጽ ያገኘው ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ ውስጥ ታሞ አልጋ ላይ በዋለበት ጊዜ ወረቀት እያጠፈ ነው። ያመመው ጉንፋን ነበር። ነገሩ አያስቅም?

በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤልን ወሰደ። ከዚያ በፊትም በኋላም አቫ ሄለን ስለ ሰላም ስትጎተጉተው ኖራለች። ሁለቱ ሆነው የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ ይቁም የሚል ፊርማ አሰባሰቡ። ከ11 ሺህ በላይ ሳይንቲስቶች ፈረሙ። የአሜሪካ መንግሥት በጥርጣሬ እያየው ፓስፖርት እስከ መከልከል የደረሰበት ጊዜ ነበር። በ1962 ከዋይት ሐውስ ደጃፍ መፈክር ይዞ ተቃውሞ ወጣና በማግሥቱ እዚያው ዋይት ሐውስ ለኖቤል ተሸላሚዎች በተዘጋጀ እራት ላይ ተገኘ። የ1962 የሰላም ኖቤልም የእሱ ሆነ።

እዚህ ድረስ ስታዩት እንዲህ ያለ ሰው የተናገረውን ማን ይጠራጠራል? ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1941፣ ገና በ40 ዓመቱ፣ ፖሊንግ ክፉኛ ታመመ። ሰውነቱ አበጠ። ሕመሙ በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ሰው የሚገድል የኩላሊት በሽታ ነበር። ያከመው ሐኪም ቶማስ አዲስ ይባላል። ስሙን አይታችሁ የአገራችን ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ስኮትላንድ የተወለደ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሐኪም ነው። አዲስ ያዘዘለት ጨው የሌለው፣ ፕሮቲኑ የተመጠነ ምግብ ነበር። አቫ ሄለን እያንዳንዱን ጉርሻ እየመዘነች፣ እያሰላች አበላችው። ሰውየው ዳነ።

እኔ እንደሚመስለኝ የቫይታሚን ሲ ታሪክ ዘሩ የተዘራው ያኔ ነው። ሌላው ሐኪም ተስፋ የሚቆርጥበትን በሽታ ምግብ ሲያሸንፈው በራሱ ሰውነት አየ። ይህን ያየ ሰው፣ አንድ ተራ የምግብ ንጥረ ነገር ተአምር ይሠራል ቢሉት ጆሮው ክፍት ይሆናል።

ያ የሚለው ሰው በ1966 መጣ። ፖሊንግ 65 ዓመቱ ነበር። ኒው ዮርክ ላይ ንግግር ሲያደርግ፣ የሳይንስን እድገት ለማየት ሌላ 15 ወይም 20 ዓመት መኖር ቢችል ደስ እንደሚለው ጠቀሰ። ኧርዊን ስቶን የሚባል የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ይህን ሰምቶ ደብዳቤ ላከለት። በቀን 3 ግራም፣ ማለትም 3000 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ውሰድ፣ ከዚያም በላይ ትኖራለህ የሚል።

የስቶን መከራከሪያ ሞኝ አልነበረም። አብዛኞቹ እንስሳት ቫይታሚን ሲን ሰውነታቸው ውስጥ ራሳቸው ይሠራሉ። እኛ ሰዎች ግን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ያንን የሚሠራው ዘረመል ተበላሽቶብናል፤ ከምግብ ካላገኘን ድዳችን ይደማል፣ ቁስላችን አይድንም፣ በመጨረሻም ስከርቪ በሚባለው በሽታ እንሞታለን። ፍየል እንዲህ ያለ ችግር የለባትም። የሰው ክብደት ያላት ፍየል በቀን 13 ግራም ገደማ ትሠራለች ተብሎ ተሰልቶ ነበር። ታዲያ ፍየል ይህን ያህል ካስፈለጋት ለሰው 60 ሚሊ ግራም እንዴት ይበቃዋል? ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ጥያቄ ነው እንጂ መልስ አይደለም።

ፖሊንግና አቫ ሄለን መውሰድ ጀመሩ። ጉንፋን ቀነሰልን፣ ጉልበት አገኘን አሉ። ፖሊንግ በ1970 ስለ ቫይታሚን ሲና ስለ ጉንፋን መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ ተቸበቸበ፤ አሜሪካ ውስጥ ፋርማሲዎች የገዢውን ብዛት መቋቋም አቃታቸው። እሱ ራሱ መጠኑን እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ በቀን 18 ግራም ደረሰ። ፋርማሲ ከምናየው ባለ 1000 እንክብል 18ቱን በየቀኑ እንደ መዋጥ ማለት ነው።

ከማስረጃዎቹ አንዱ በ1961 የወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት ነው። ስኪ ካምፕ ከነበሩ 279 ወጣቶች መካከል በቀን 1 ግራም ቫይታሚን ሲ የተሰጣቸው ከሌሎቹ ያነሰ ታመሙ። ይህን ጥናት ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሌሎች ተመራማሪዎች እንግዲህ እንፈትሸው አሉ። ከሙከራዎቹ ሁሉ እኔ የምወደው በ1975 ይፋ የሆነውን ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሠራተኞች በፈቃደኝነት ገቡበት። ግማሹ እውነተኛውን ቫይታሚን፣ ግማሹ ማስመሰያ እንክብል ይወስዳል፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ ግን አይነገረውም። ሠራተኞቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? እንክብሉን ከፍተው ቀመሱት! ቫይታሚን ሲ ይኮመጥጣል፣ ማስመሰያው ደግሞ የወተት ስኳር ነው። ብዙዎቹ የደረሳቸውን አወቁ። ውጤቱ ሲሰላ፣ ቫይታሚን መውሰዳቸውን ያወቁት ጉንፋናቸው አጠር ብሎ ተገኘ። የሚወስዱትን ባላወቁት ላይ ግን ልዩነቱ ጠፋ።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሰዎቹ አልዋሹም። የተሻላቸው መስሏቸዋል። ጉንፋን ደግሞ ሐኪምም ሳያየው በራሱ የሚሄድ በሽታ ነው። ስለዚህ የወሰድነው ነገር ሁሉ የሠራ ይመስለናል። እኔ ወስጄ ተሽሎኛል የሚለው ቃል፣ ከጓደኛም ይምጣ ከኖቤል ተሸላሚ፣ ብቻውን ምንም አያሳይም።

ታሪኩ ጉንፋን ላይ ቢያበቃ ኖሮ ቀላል ነበር። ፖሊንግ ግን ወደ ካንሰር ተሻገረ። ዩዋን ካሜሮን ከሚባል ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ጋር ሆኖ በ1976 አንድ ጥናት አወጡ። በቀን 10 ግራም ገደማ የተሰጣቸው 100 በመጨረሻ ደረጃ ላይ ያሉ የካንሰር ሕሙማን፣ በዚያው ሆስፒታል ቀደም ብለው ከታከሙ 1000 ሕሙማን ጋር ተነጻጸሩ። ቫይታሚኑን የወሰዱት አራት እጥፍ ያህል ረዝመው ኖሩ የሚል ነበር ውጤቱ። ችግሩ ንጽጽሩ ላይ ነው። ሕሙማኑ በዕጣ አልተከፈሉም፤ አንደኛው ወገን በሕይወት ያለ ሰው፣ ሌላኛው ወገን የድሮ መዝገብ ነው። ማዮ ክሊኒክ ሕሙማንን በዕጣ ከፍሎ፣ ማን ምን እንደሚወስድ ሳይነግር ሁለት ጊዜ ሞከረው። በ1979ም በ1985ም የወጣው ውጤት አንድ ነው፤ ምንም ጥቅም አልታየም።

ፖሊንግ ተቆጣ። የመጀመሪያውን ሕሙማኑ ቀድሞ ኬሞቴራፒ ወስደዋል፣ ሁለተኛውን ደግሞ ቫይታሚኑ ቶሎ ተቋርጧል እያለ ተከራከረ። ካሜሮን በመርፌ ጀምሮ ሲሰጥ ማዮ በአፍ ብቻ መስጠቱ በኋላ ለሌሎች ተመራማሪዎችም ጥያቄ ሆኗል። በደም ሥር የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ዛሬም በሐኪሞች ቁጥጥር ሥር ይጠናል። ይህ ግን ከፋርማሲ ገዝተን ከምንጠጣው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

በ1976፣ ያ ጥናት በወጣበት ዓመት፣ አቫ ሄለን የጨጓራ ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ በኋላ ኬሞቴራፒ ሳይሆን በቀን 10 ግራም ቫይታሚን ሲ መረጡ። ድሮ የባሏን ምግብ በግራም እየመዘነች ከሞት ያወጣች ሴት ናት። አሁን ተራው የእሱ ነበር። አምስት ዓመት ኖረች። በታኅሣሥ 1981 አረፈች።

ይህን ሳነብ ለምን እንዳልተመለሰ የገባኝ መሰለኝ። ፖሊንግ መሳሳትን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ሦስት ገመድ ነው ብሎ አሳትሞ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ዋትሰንና ክሪክ ሁለት መሆኑን ሲያሳዩ ሄዶ አይቶ ተቀብሏል። ዲኤንኤ ግን የሥራ ጉዳይ ነው። ቫይታሚን ሲ ትዳሩ ሆኗል። ልክ አልነበረም ብሎ ማመን፣ ለሚስቱ የመረጡትን ነገር እንደገና መመርመር ነው። እኛስ ብንሆን እንችለው ነበር? እኔ እንጃ።

ፖሊንግ ራሱ የፕሮስቴት ካንሰር ይዞት በነሐሴ 1994 በካሊፎርኒያ ሞተ። 93 ዓመቱ ነበር። ደጋፊዎቹ 93 ዓመት የኖረው በቫይታሚን ሲ ነው ይላሉ። ተቺዎቹ ደግሞ 18 ግራም እየወሰደም ካንሰር ገደለው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። የአንድ ሰው ዕድሜ ማስረጃ አይሆንም፤ ሳይወስድ ስንት ዓመት ይኖር እንደነበር ማንም አያውቅማ።

እሺ፣ ታዲያ ምን እናድርግ? በ2013 ኮክሬን የተባለው የተመራማሪዎች ስብስብ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ሙከራዎች አንድ ላይ አየ። ቫይታሚን ሲን በየቀኑ መውሰድ ተራውን ሰው ከጉንፋን አያድነውም። የሚወስደው ሰው ጉንፋን ሲይዘው ሕመሙ በአዋቂ 8 በመቶ፣ በልጅ 14 በመቶ ያጥራል። የ5 ቀን ጉንፋን በ10 ሰዓት ያህል ቀነሰ ማለት ነው፤ ለዚያውም ዓመቱን ሙሉ ተውጦ። ካመመን በኋላ መጀመር ደግሞ አስተማማኝ ጥቅም አልታየበትም። ማለትም አብዛኞቻችን የምናደርገው ነገር!

ያዙልኝ ያልኳችሁ የስዊዘርላንድ ወጣቶችስ? ስኪ ተጫዋቾች፣ የማራቶን ሯጮችና በብርድ ከባድ ልምምድ የሚያደርጉ ወታደሮች ላይ ቫይታሚኑ ጉንፋንን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ስለዚህ ፖሊንግ ያየው ነገር ባዶ አልነበረም። በጥቂቶች ላይ የታየውን ለሁሉም ሰው አደረገው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለአዋቂ ወንድ በቀን 90፣ ለሴት 75 ሚሊ ግራም ይመከራል፤ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ከፍ ይላል፣ ለሚያጨስ 35 ይጨመራል። ሰውነታችን እንደ ጎተራ አያከማቸውም። ከ1 ግራም በላይ ስንወስድ ከግማሽ ያነሰው ብቻ ይገባል፤ ከገባውም የተረፈው በሽንት ይወጣል። በቀን ከ2000 ሚሊ ግራም በላይ ሆድ ያጎርጣል፣ ያስቀምጣል። የኩላሊት ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር ባይነካው ይሻላል። ማር ሲበዛ ይመራል ይሉ የለ?

በሌላ በኩል አንድ መካከለኛ ብርቱካን 70 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። 100 ግራም ዘይቱን ከ200 በላይ፣ ፓፓያ 60 ያህል ይሰጣል። ከሽሮ ጎን የምትቀመጠው ጥሬ ቃሪያ ደግሞ ከብርቱካን ትበልጣለች። ሲበስል ስለሚቀንስ ነው ጥሬ ያልኩት።

የእኔ ውሳኔ ይህ ነው። ጤነኛ ሆኜ፣ ፍራፍሬና አትክልት እያገኘሁ እንክብሉን አልገዛም። ያ ገንዘብ ለፓፓያ ይሁንልኝ። አትክልትና ፍራፍሬ ጨርሶ የማያገኝ፣ የሚያጨስ፣ ምግብ ከአንጀቱ በደንብ የማይገባለት ወይም ሐኪም ያዘዘለት ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ይውሰድ፣ በልኩ። በፖሊንግ ስም የሚጠራው፣ ዛሬ በተማረበት ኮሌጅ ውስጥ ያለው የምርምር ተቋም እንኳ ለአዋቂ የሚመክረው በቀን 400 ሚሊ ግራም ነው። መሥራቹ ይወስድ የነበረው ከዚህ 45 እጥፍ ነበር።

ነገ ስልካችሁ ላይ አንድ ዶክተር ወይም አንድ ታዋቂ ሰው ይህን ዋጡ ሲላችሁ፣ የሰውየውን ማዕረግ ከማየታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? የወሰዱትስ ምን እንደሚወስዱ ያውቁ ነበር ወይ?